ቅሬታ የማይሰማበት ጨረታ ውድ ነው

ባለፈው ዓመት ከኢሉባቦር ከተሞች በአንዱ የጨረታ ፖስታ ሲከፈት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከታዛቢዎች ጋር ተቀምጦ ነበር። የሚሠራው የገበያ ማዕከል ሲሆን ስድስት ተጫራቾች ቀርበዋል። ጸሐፊው የየተጫራቹን ዋጋ ሲያነብ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበው ስለነበር፣ ከኋላ ለተቀመጥነው ከቁጥሮቹ ግማሹ አልተሰማንም። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንድ ሥራ ተቋራጭ እጃቸውን አንስተው «ሰብሳቢ፣ ዋጋው ይደገምልን፤ አልሰማንም» አሉ። ከመድረኩ የመጣው መልስ «ክረምቱ ወጥቷል፤ ጊዜ የለንም፤ ልማት አናዘግይ» የሚል ነበር። ዝናቡ ግን ገና አልሰማም።

ሥራው መሐንዲሶቹ ከገመቱት ዋጋ እጅግ ዝቅ አድርጎ ላቀረበው ተጫራች ተሰጠ። ከስብሰባው በኋላ እኚያን ሰው በአንድ ቡና ቤት አገኘኋቸውና «ጋሼ፣ በዚህ ዋጋ ሊሠራ ይችላል?» አልኳቸው። «አይችልም። የፌሮውንና የሲሚንቶውን ሂሳብ ብቻ ደምረው፣ ከነማጓጓዣው። ከዚያ በኋላ የሠራተኛ ደመወዝ አይተርፈውም» አሉኝ። «ታዲያ ለምን ቅሬታ አያቀርቡም?» ስላቸው ስኳሩን እያማሰሉ ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ፣ እዚሁ መሥሪያ ቤት ያልተከፈለኝ የሁለት ሥራ ሰርተፊኬት አለኝ። ቅሬታውን የማቀርበው ክፍያዬን ለሚፈርመው ሰው ነው።»

ይህ የገበያ ገጽ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ምንዛሪና ስለ ወለድ ሲጽፍ የጨረታ ክርክር ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን በኢሉባቦር ከተሞች ከዚህ የበለጠ የገበያ ጉዳይ የለም የሚል ነው። ምክንያቱን ከሂሳቡ ጋር ማቅረብ ይገባል።

ትልቁ ገዢ ማን ነው?

ኢሉባቦር የሚታወቀው በቡናው፣ በማሩና በኮረሪማው ነው። የከተሞቹ መነሳትና መውደቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚከተለው የመንግሥትን ወጪ ነው። ጎሬን እንመልከት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቡናው በጋምቤላ ወደብ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ በነበረበት ዘመን፣ ጎሬ የውጭ አገር ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሱቅ የከፈቱባት የምዕራብ ኢትዮጵያ የንግድ ማዕከል፣ የጠቅላይ ግዛቱም መቀመጫ ነበረች። በ1970ዎቹ መባቻ ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ሲዛወር ቢሮው፣ ደመወዝተኛውና ግንባታው አብሮ ተዛወረ። ጎሬ ቡናዋ ከእርሷ ጋር ቀረ፤ ገበያዋ ግን ቀዘቀዘ።

ከዚያም በኋላ ታሪኩ ያው ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የመቱ የቤት ኪራይ ተንቀሳቀሰ፤ የብሎኬት ማምረቻው፣ የአሸዋና የጠጠር አቅራቢው፣ የምግብ ቤቱ ሥራ ተነቃቃ። በደሌ ከኢሉባቦር ተለይቶ የቡኖ በደሌ ዞን ዋና ከተማ ሲሆን የቢሮ፣ የመንገድና የውኃ ሥራ ወደዚያ ሄደ። በእነዚህ ከተሞች ሲሚንቶ የሚያራግፈው ነጋዴ፣ አይሱዙ የሚያከራየው ባለሀብት፣ መሬትና ቤት የሚያገናኘው ደላላ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ከአንድ ትልቅ ገዢ ጋር ነው የሚውሉት። ያ ገዢ መንግሥት ነው፤ አንዳንዴ ማዘጋጃ ቤቱ፣ አንዳንዴ ዞኑና ክልሉ፣ አንዳንዴም የፌዴራሉ የልማት ድርጅት።

በኢኮኖሚክስ ትምህርት አንድ ገበያ አንድ ትልቅ ገዢ ብቻ ሲኖረው ዋጋውን የሚወስነው የገዢው ጠባይ ነው ይባላል። ገዢው በግልጽ የሚገዛ ከሆነ ሻጩ ዕቃውን ያሻሽላል። ገዢው በጓዳ የሚገዛ ከሆነ ሻጩ የሚያሻሽለው የጓዳውን መግቢያ ነው። ስለዚህ መንግሥት እንዴት ይገዛል የሚለው ጥያቄ የፖለቲከኞች ብቻ አይደለም።

አንድ መንገድ፣ ሁለት ውሎች

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከበደሌ ወደ መቱ የሚወስደው መንገድ ያዩን አቋርጦ ያልፋል። በዚሁ መንገድ ላይ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት ብቻ፣ መንግሥት ሁለት ትልልቅ ውሎችን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ፈጽሟል።

የመጀመሪያው በደሌ ነው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የበደሌንና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎችን ለመሸጥ ጨረታ አወጣ። ዋጋ ቀረበ፤ የኔዘርላንዱ ሄኒከን ለሁለቱ 163 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ወሰዳቸው። በወቅቱ ያንን ሽያጭ የተቃወመ ሰው ጥቂት አልነበረም። የአገር ሀብት ለውጭ ኩባንያ መሸጡ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ዛሬም ሊነሳ ይችላል። ይሁን እንጂ ዋጋው ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ አለ፤ ከጨረታ መጣ። ፋብሪካውም እስከ ዛሬ ቢራ ይጠምቃል፤ ግብር ይከፍላል።

ሁለተኛው ያዩ ነው። በ2004 ዓ.ም. በያዩ የድንጋይ ከሰል ክምችት ላይ የተመሠረተ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ሥራው በ2002 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ለሜቴክ ተሰጠ። ጨረታ አልነበረም። እቅዱ በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ የሚያመርትና 90 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ውስብስብ ፋብሪካ ነበር። ወጪው ወደ 11 ቢሊዮን ብር ተገመተ። በጊዜው በነበረው ምንዛሪ ይህ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ከሁለቱ ቢራ ፋብሪካዎች ሽያጭ ከተገኘው ገንዘብ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ገንዘቡ በብድር የሚመጣ ስለነበር ፋብሪካው ሳይቆም የወለዱ ሰዓት መቁጠር ጀመረ።

ውጤቱን አንባቢ ያውቀዋል። ዓመታት አለፉ፤ ግንባታው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ሜቴክ ከሥራው ወጣ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በሰጠው መግለጫ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር ያህል የሚያወጣ የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታወቀ፤ የኮርፖሬሽኑ ኃላፊዎችም በቁጥጥር ሥር ዋሉ። ያዩ ግን እስካሁን አንድ ኩንታል ማዳበሪያ አላወጣም። ለፋብሪካው ከይዞታቸው የተነሱት አርሶ አደሮች ማዳበሪያውን ዛሬም የሚገዙት በጂቡቲ ወደብ በኩል ከውጭ ከሚገባው ነው። በአካባቢው ያለው የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ፣ የቡና ዘር በዱር የሚገኝበት ብርቅ ሥፍራ መሆኑን ስናስታውስ ደግሞ ኪሳራው በብር ብቻ የሚቆጠር አይሆንም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ያዩን ያለ ጨረታ የሰጡት ሰዎች የራሳቸው ክርክር ነበራቸው። አንደኛ፣ የአገር ውስጥ አቅም የሚገነባው በመሥራት እንጂ በመመልከት አይደለም አሉ። ሁለተኛ፣ የውጭ ምንዛሪ እናድናለን አሉ። ሦስተኛ፣ ጨረታ ጊዜ ይፈጃል አሉ። የመጀመሪያው ክርክር ከንቱ አይደለም። ደቡብ ኮሪያን የመሰሉ አገሮች ጨቅላ ኢንዱስትሪዎቻቸውን ደግፈው ነው ያሳደጉት። ነገር ግን እነርሱ ድጋፍ የሰጡት በጊዜ ገደብና በሚለካ ውጤት ነው፤ ያላደረሰ ድጋፉ ይቀርበታል። ልጅ ሲያድግ ጡት ይጥላል። በያዩ ላይ ግን ቀኑ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ፣ ሲያልፍም የሚቀጣ አካል አልነበረም። የሦስተኛውን ክርክር ዋጋ ደግሞ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሳየዋል? ጊዜ ለማዳን ተብሎ ያለ ጨረታ የተሰጠ ሥራ ከ10 ዓመት በላይ አለቀ ሳይባል ቀረ።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በያዩ ውል ላይ ክርክር አልነበረም። ሊኖርም አይችልም ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 የሚገዛው በበጀት የሚተዳደሩ መሥሪያ ቤቶችን እንጂ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን አልነበረም። ጨረታ ስላልወጣ ተሸናፊ ተጫራች የለም፤ ተሸናፊ ስለሌለ ቅሬታ አቅራቢ የለም፤ ቅሬታ ስለሌለ ሰነዱን ገልጦ የሚያይ ሰው የለም። ፀጥታው እንደ ስምምነት ተቆጠረ። የፀጥታው ዋጋ ግን ወደ 11 ቢሊዮን ብር በተገመተ ሥራ ላይ ተከፈለ።

የሦስት ሳምንት ሂሳብ

አሁን ከያዩ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እንመለስ። አንዳንድ የከተማ ኃላፊዎች ቅሬታን የሚያዩት እንደ ደንቃራ ነው። «ተሸናፊ ሁሉ ይጮሃል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይጮሃል። ጥያቄው ጩኸቱ ስንት ያስወጣል፣ ዝምታውስ ስንት ያስወጣል የሚል መሆን አለበት።

የ2001ዱ አዋጅ ያስቀመጠው ሥርዓት ይህ ነበር። ተጫራቹ ቅር ካለው በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያመለክታል። ኃላፊው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ይሰጣል። ያ ካላረካው ወደ ቦርድ ይሄዳል። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። የክልሎች የግዥ ሕጎችም በአመዛኙ የፌዴራሉን ፈለግ የተከተሉ ናቸው። ለስሌታችን እንዲቀለን አንድ ቅሬታ 15 የሥራ ቀናት፣ ማለትም ሦስት ሳምንት ሥራ ያዘገያል ብለን እንነሳ።

ለምሳሌ ያህል 60 ሱቆች ያሉት የገበያ ማዕከል ሊሠራ ነው እንበል። የመሐንዲሱ ግምት 20 ሚሊዮን ብር ነው። ሀ የተባለው ተጫራች 14.5 ሚሊዮን፣ ለ የተባለው 18.9 ሚሊዮን አቀረቡ። አንድ ሱቅ በወር 3 ሺህ ብር ቢከራይ ማዘጋጃ ቤቱ በወር 180 ሺህ ብር ያገኛል። እንግዲህ ለ ቅሬታ አቅርቦ ሥራው ለሦስት ሳምንት ቢዘገይ ከተማው የሚያጣው ኪራይ 135 ሺህ ብር ገደማ ነው። የቅሬታው ዋጋ ይህ ነው።

ለ ዝም ቢልስ? ሥራው በ14.5 ሚሊዮን ለሀ ይሰጣል። ሀ ደግሞ በልማዱ መሠረት 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ ማለትም 4.35 ሚሊዮን ብር ይቀበላል። መሠረት ያወጣል፤ ጥቂት ዓምድ ያቆማል። ከዚያ የፌሮ ዋጋ ጨመረ፣ ሲሚንቶ ጠፋ ይልና ያቆማል። ከእርሱ ጋር ሲጻጻፉ፣ ውሉ ሲቋረጥ፣ ሥራው ሲለካ፣ አዲስ ጨረታ ሲወጣ አንድ ዓመት ተኩል ያልፋል። ቀሪው ሥራ በአዲሱ ዋጋ 23 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል እንበል። ከቅድመ ክፍያው ጋር ሲደመር ማዕከሉ 27.35 ሚሊዮን ብር ፈጀ ማለት ነው። ለ ካቀረበው ዋጋ በ8.45 ሚሊዮን ይበልጣል። በ18 ወር የቀረውን 3.24 ሚሊዮን ብር ኪራይ ስንጨምርበት የዝምታው ዋጋ 11.69 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህ ከቅሬታው ዋጋ ከ80 እጥፍ በላይ ነው።

ዋስትናው ይወረሳል የሚል ይኖራል። ይወረሳል፤ ግን ክርክሩ ፍርድ ቤት ከገባ ገንዘቡ እስኪመለስ ብር ራሱ ይረክሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ዓመት በግማሽ የቀረ ሕንፃ የነበረው ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ተሸናፊ ሁሉ ይጮሃል የሚለውንም በዚሁ ስሌት እንመዝነው። ከ10 ቅሬታዎች 9ኙ መሠረት የሌላቸው ናቸው እንበል። ዘጠኙን ከንቱ ቅሬታ ጨምሮ አሥሩን ሁሉ ለመስማት ከተማው የሚያጣው 1.35 ሚሊዮን ብር ነው። አንዱ እውነተኛ ቅሬታ የሚያድነው 11.69 ሚሊዮን ነው። ማንኛውም ነጋዴ ይህን ንግድ ቢያገኝ በሩን ዘግቶ አይተኛም።

ነጋዴው ለምን ዝም ይላል?

እስካሁን ጣታችንን ወደ መንግሥት ቀሥረናል። አሁን ወደ ራሳችን እንመልሰው።

የመጀመሪያው ምክንያት እኚያ ሥራ ተቋራጭ በቡና ቤቱ የነገሩኝ ነው። ዳኛውና ከፋዩ አንድ ሰው ነው። ቅሬታው መጀመሪያ የሚቀርበው ውሳኔውን ላጸደቀው ኃላፊ ነው። በአዲስ አበባ ይህ ያን ያህል አያስፈራም፤ አንዱ መሥሪያ ቤት ቢቀየም ሌላ ሃምሳ መሥሪያ ቤት አለ። በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ ግን ገዢው አንድ ነው ብለናል። ከእርሱ ጋር ከተጣሉ የሚሄዱበት የለም። የክልሉ ቢሮዎች ደጃፍ ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል። አንድ ደረጃው ዝቅ ያለ ተቋራጭ ለአንድ ቅሬታ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ፣ አልጋ ይዞ፣ ጠበቃ አማክሮ የሚያወጣው ወጪ ከሥራው ሊያገኝ ከሚችለው ትርፍ ጋር ይወዳደራል። መብት በወረቀት ላይ አለ፤ የትራንስፖርቱ ዋጋ ግን ይበላዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ደስ አይልም፤ ግን መነገር አለበት። ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ተጫራች ንጹሕ ስላልሆነ ነው። በዚህ ገበያ «አጃቢ» የሚባለውን የማያውቅ የለም። ሦስት ፖስታ ይገባል፤ ሁለቱ የገቡት ለአንዱ ሞገስ ነው። ዛሬ ያጀበ ነገ ይታጀባል። ፈቃዱን በመቶኛ የሚያከራይ ተቋራጭ አለ። የተጫራቾችን ዋጋ ከፖስታው ቀድሞ የሚያዞር ደላላም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ተሸነፈ ብሎ ቅሬታ ቢያቀርብ ሰነዱ ሲገለጥ የእርሱም ጉድ አብሮ ይገለጣል። ስለሆነም ዝምታ የጋራ መድን ይሆናል፤ አረቦኑን የሚከፍለው ግን በኩሬ ውስጥ እየረገጠ የሚሸጥ ባለ ጉልት ነው።

ውጤቱ ቀስ በቀስ ገበያውን ይለውጠዋል። በትክክል አስልቶ ዋጋ የሚያቀርበው ተቋራጭ ደጋግሞ ይሸነፋል። ሲሰለቸው ማሽኑን ሸጦ ወደ ቡና ንግድ ወይም ወደ ሕንፃ ኪራይ ይገባል። በጨረታው የሚቀሩት ወይ ሂሳብ የማያውቁ፣ ወይ ሂሳቡን በሌላ መንገድ የሚያወራርዱ ናቸው። መጥፎው ደህናውን ከገበያ ያስወጣል። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ቅን ቢሆን እንኳ ከመጥፎዎች መካከል የተሻለውን ከመምረጥ ሌላ ዕድል አይኖረውም።

ምን ይደረግ?

ነገሩ የሚፈታው በአዲስ ተቋም ብቻ ነው የሚል እምነት የለኝም። ቀላል የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሥር ያላቸው አራት እርምጃዎች አሉ።

አንደኛው የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ኢሉባቦር ከአገራችን እጅግ ዝናባማ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው። ለመሠረትና ለአርማታ ሥራ አመቺ የሚባለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ይወሰናል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ነገር ግን ጨረታው ተንከባልሎ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሲወጣ እያንዳንዱ የቅሬታ ቀን ከበጋው ላይ ይቀነሳል፤ ኃላፊውም «ልማት አታዘግዩ» ለማለት ሰበብ ያገኛል። ጨረታው በሐምሌና በነሐሴ፣ ማንም አካፋ በማይነሳበት ጊዜ ቢወጣ ክርክሩ ሁሉ በክረምት ተሰምቶ ያልቃል። ዝናቡ ለሙግት ይበቃል፤ በጋው ለሥራ ይቀራል። ይህ ምንም በጀት አይጠይቅም።

ሁለተኛው ነጥቡን መለጠፍ ነው። አሸናፊው እገሌ ነው የሚል አንድ መስመር ማስታወቂያ አይበቃም። የእያንዳንዱ ተጫራች የቴክኒክ ነጥብ፣ የወደቀበት ምክንያትና የሂሳብ እርማቱ በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይለጠፍ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት መጠቀም ጀምረዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተር ፖስታውን እንጂ የገምጋሚውን ልብ አይከፍትም። ነጥቡ በአደባባይ ከታየ ግን ገምጋሚው ራሱ እጁን ያስባል።

ሦስተኛው ዳኛውን ከከፋዩ መለየት ነው። ከተማው የሰጠውን ውሳኔ በሚመለከት የሚነሳ ቅሬታ በዚያው ከተማ ኃላፊ ሳይሆን በዞን ደረጃ በሚሰየም፣ ከንግዱ ኅብረተሰብና ከመሐንዲሶች ወገን ሰው ባለበት ጉባኤ ይሰማ። ከመቱ ወይም ከበደሌ ሳይወጣ የሚሰማ ቅሬታ ከሆነ የትራንስፖርቱ ቅጣት ይነሳል። ከንቱ ቅሬታ እንዳይበዛ አቅራቢው መጠነኛ ገንዘብ ያስይዝ፤ ትክክል ከሆነ ይመለስለት፤ ሆን ብሎ ለማዘግየት ከሆነ ይቅርበት።

አራተኛው የእኛው የነጋዴዎቹ ድርሻ ነው። አንድ ተቋራጭ ብቻውን ሲያመለክት ባላንጣ ይባላል፤ የንግዱ ማኅበር በደብዳቤው ላይ ማኅተሙን ሲያሳርፍ ግን ጉዳዩ የከተማው ይሆናል። ማኅበራቱ አባሎቻቸውን ከመሸኘትና ከመቀበል፣ ለበዓል መዋጮ ከመሰብሰብ ያለፈ ሥራ ካላቸው ይህ ነው። በዚያውም ላይ አጃቢነትን ከአባልነት የሚያሰርዝ ጥፋት ያድርጉት። ራሱን ያላጠራ ማኅበር የሌላውን ጨረታ አጥሩ ሊል አይችልም።

የገበያው ትምህርት

በዚህ አገር ትልልቅ ውሎች ገና ይመጣሉ። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎዴ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ይሳካ ዘንድ የሁላችንም ምኞት ነው። ያዩ ግን ለሁሉም አንድ ምስክር ሆኖ ቆሟል። ትልቅ ውል የሚከሽፈው ሰዎች ስለተከራከሩበት አይደለም፤ የሚከራከር ሰው በነበረበት ወንበር ላይ ማንም ስላልተቀመጠ ነው።

የኢሉባቦር ነጋዴ መከራከር አያውቅም የሚል ካለ ቡና ሲገዛ አላየውም ማለት ነው። ናሙናውን በእጁ አፍሶ ያሸታል፤ እርጥበቱን በጥርሱ ይፈትናል፤ ደረጃው ዝቅ ተደርጎብኛል ካለ ድጋሚ ይታይልኝ ይላል። ማንም «ንግድ አታዘግይ» አይለውም፤ ንግድ ማለት ይኸው ነውና። ለአንድ ኩንታል ቡና ይህን ያህል የሚከራከር ሰው፣ ለ20 ሚሊዮን ብር የገበያ ማዕከል፣ ያውም በራሱ ግብር ለሚሠራው፣ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ዋጋው ሳይሰማው አጨብጭቦ ይወጣል።

እኚያ ሽማግሌ ተቋራጭ በመጨረሻ የሁለቱ ሥራ ክፍያቸው ተፈጽሞላቸው እንደሆነ በቅርቡ በስልክ ጠይቄያቸው ነበር። የአንዱ እንደተከፈለ፣ የአንዱ ገና እንደሆነ ነገሩኝ። የገበያ ማዕከሉስ አልኳቸው። ዓምዶቹ ቆመዋል፤ ፌሮው ዝገት ይዟል፤ ዝናብ ሲመጣ ባለ ጉልቶቹ በዓምዶቹ መካከል ሸራ ወጥረው ይሸጣሉ አሉኝ።